የኋላው መቀመጫ

በሁለት ሰው ፓራግላይደር ላይ አብራሪው ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ይሄን ለሰው ባስረዳሁ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። ሰው የሚያውቀው ባጃጅና ታክሲ ነው፤ ሹፌር ማለት ከፊት ነው። ታዲያ ከፊት ያለው ምን ይሰራል ይሉኛል። ያያል እላቸዋለሁ። ከፊት ያለው ያያል፣ ከኋላ ያለው ይሰራል። ሁሉም ቦታ እንደዚህ በግልፅ ቢነገር ስንቱ ሰው ቦታውን ባወቀ።

እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ይሄን ስናገር ደረቴ ይነፋል፣ አልደብቅም። ሰበታ ክር ፋብሪካ ጀርባ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እናቴ ከደቡብ መጥታ እዛው ፋብሪካ ገባች፣ እስካሁንም በፈረቃ ትሰራለች። ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሬ አንዴም አልጨረስኩም። ያስወጣኝ ጭንቅላቴ አይደለም፣ አፌ ነው። አስተማሪ አንድ ሲለኝ እኔ ሁለት እላለሁ፣ ዳይሬክተሩ ሲጠራኝ ሦስተኛውን ለሱ እላለሁ። ከዛ ቡራዩ ሄድኩና አውራ መንገዱ ዳር የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ቤት ገባሁ። ሸራ አፍ የለውም፣ ተስማማን።

ኮች ጋ ያገናኘን ስፌት ነው። ኮች የምለው አሰልጣኙን ነው፤ አርባውን ያለፈ፣ ውጪ ሀገር መብረር ተምሮ የመጣ፣ ሰውነቱ ወፍራም ድምፁ ግን ቀጭን የሆነ ሰውዬ። አንድ ቀን ሱቃችን ከሱ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክሞ ገባና ስስ ጨርቅ የሚሰፋ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አለቃዬ ወደ እኔ ጠቆመው። «እጁን እመነው፣ አፉን አትስማው» አለው።

ቦርሳውን ሲከፍተው ጨርቁ ቢወጣ ቢወጣ አላልቅ አለ። ቀይና ነጭ ነው። ከሶፍት ይሳሳል፣ ስትጎትተው ግን ንቅንቅ አይልም። ከስሩ ደግሞ ገመድ ብቻ ነው፣ እንደ ክር የቀጠነ ገመድ መዓት። የማን ድንኳን ነው አልኩት። ድንኳን አይደለም፣ ሁለት ሰው ይዞ የሚበር ነው፣ ሰው የማስተምርበት ነው አለኝ። ሱሉልታ ሲያርፍ የአጥር ሽቦ ይዞት ጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ተቀዷል። ጨርቁንም ክሩንም ከውጪ አስመጥቷል፤ የጎደለው እጅ ብቻ ነው።

ሸራ ስትሰፋ መርፌው በፈለገበት ይግባ፣ ብቻ ይያዝ። ይሄኛው ግን በድሮው ቀዳዳ ብቻ ነው መግባት ያለበት፤ አዲስ ቀዳዳ ከከፈትክበት ጨርቁ ይደክማል። ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ እንዳልኩ ነበር። ስጨርስ ኮች መነፅሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ ስፌቱን አንድ በአንድ ሄደበትና ሦስት ቦታ ላይ ፍታና ድገመው አለኝ። ደሜ ፈላ። እኔ የሰፋሁት ሸራ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ጠብታ ውሃ አያስገባም፣ አንተ ማነህና ነው የምታርመኝ አልኩት። አልተቆጣም።

«ከስፌቱ ስር የምንጠለጠለው እኔ ነኝ» አለ።

ለዚህ ምን ትመልሳለህ? ፈትቼ ደገምኩት።

በሳምንቱ ና ስራህን እየው ብሎ ሱሉልታ ወሰደኝ። ከከተማው በላይ ሳር ብቻ የሆነ ጋራ አለ፤ ንፋሱ ከጫንጮ በኩል ሲመጣ ፊት ለፊት ይመታዋል። ከፊት አስሮኝ እሱ ከኋላ ሆነ። ሩጥ አለኝ፣ ሮጥኩ፣ እየሮጥኩ እያለ መሬቱ አለቀ። ሌላው ሰው መጀመሪያ ሲበር ሜዳውን ነው የሚያየው፣ አንዳንዱም ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ቀና ብዬ ስፌቴን ነው ያየሁት። ቀጥ ብሎ፣ አየር ሞልቶት፣ ሁለታችንን ይዞናል። ከዛ በፊት የሰራሁት ነገር እኔን ተሸክሞኝ አያውቅም። መሬት ስንነካ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ አስተምረኝ። ገንዘብ እንደሌለኝ ያውቃል። ቦርሳውን፣ ማሰሪያውን፣ የተሰነጠቀውን ሁሉ እኔ ልሰፋለት፣ እሱ ሊያስተምረኝ ተስማማን።

ከዛ ሁለት ዓመት ሄደ። ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ሦስት ታክሲ እየቀያየርኩ ከቡራዩ ሱሉልታ ነው። መጀመሪያ መብረር ብሎ ነገር የለም። ሜዳው ላይ ክንፉን አንስተህ ጭንቅላትህ ላይ ማቆም ነው፤ ያነሳኸው ይወድቃል፣ የወደቀው ይጎትትሃል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሯጮች ይለማመዳሉ። እኛ በደረታችን ሳር ስንጠርግ እነሱ በጎናችን ሽው ይላሉ። አንዷ ሯጭ ባየችን ቁጥር «አሁንም መሬት ናችሁ?» ትለን ነበር። አንድ ቀን ከበላይዋ ሳልፍ ጮክ ብዬ አንቺስ አልኳት። ሳቀች።

ብቻዬን መብረር ቻልኩ። ከዛ የሁለቱን ሰው ጀመርኩ። ይሄኛው ክንፍ ማስተማሪያ ስለሆነ መሪው ከኋላም ከፊትም አለው። መሪ ስል መሪም ፍሬንም ማለቴ ነው፣ በሁለት እጅህ የምትይዛቸው ሁለት መያዣዎች ናቸው። ግራውን ስትስብ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ሁለቱንም ስትስብ ይቀንሳል። ከልክ በላይ ከሳብካቸው ግን ክንፉ መብረሩን ይተዋል፣ ከዛ ወዲያ የምትወድቅ ሸራ ነህ። እኔ ከኋላ እነዳለሁ፣ ኮች ከፊት እንደ ተሳፋሪ ይቀመጣል፤ ስሳሳት በራሱ መያዣ ያስተካክላል። የፅሁፍ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለነበር ሁለቴ ወደቅኩ። በሦስተኛው ኮች በአማርኛ አስረዳኝ አለና ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ንፋስ ለፈለፍኩ። አለፍኩ። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፦ ከኮች ውጪ የሆነ፣ መብረር የማያውቅ ሰው ከፊቴ አስቀምጬ ማብረርና በደህና ማሳረፍ። ያን ካደረግኩ የኋላው መቀመጫ የኔ ነው። ካላደረግኩ ዕድሜ ልኬን ስፌት ጠጋኝ ነኝ።

ኮች ግን ያንን አንድ ነገር አይሰጠኝም ነበር። ምክንያቱም ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩ። የተማሩ ናቸው፣ ከፍለው ነው የሚማሩት፣ መጥፎ ሰዎችም አይደሉም። ግን እኔን ሲያዩ ተሸካሚ ነው የሚመስላቸው። አንዱ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ መጣና ብራዘር ቦርሳዬን ከላይ አድርስልኝ አለኝ። «ክንፍ ገዝተህ እግር ትለምናለህ?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ኮች አልሳቀም። ልጁም ዝም አላለም፤ ይሄ ደግሞ ማነው፣ ጥበቃው ነው ወይ ብሎ ሌላውን ጠየቀው። የዛን ቀን ከኮች ጋ ስበር ሜዳው አልታየኝም። የሚታየኝ የልጁ ፊት ነው፣ ልመልስለት የነበረውን መልስ በሆዴ እየደረደርኩ ነው። እጄ ሳላውቀው ወርዷል። ክንፉ ወደ ኋላ ሸሸት አለና የሚያፏጨው ንፋስ ዝም አለ። ይሄ ዝምታ ከተማርከው ሁሉ በላይ ያስፈራል።

«እጅህን!» አለ ኮች። እጄን ለቀቅኩት፣ ክንፉ ወደ ፊት ተመልሶ ያዘን።

ስናርፍ ጮሆ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብሎ ውሃውን ጠጣና ቀስ ብሎ ነገረኝ። ስትናደድ እጅህ ይጠብቃል አለኝ። ቡጢ ሊሆን ይፈልጋል። መሬት ላይ የራስህ ጉዳይ ነው፣ እዛ ላይ ግን ከፊትህ ሰው አለ። ተናደህ እጅህ ሲላላ እስከማይ ድረስ ሰው አላስቀምጥልህም። እንዳትናደድ አላለም። ይሄን ልብ ብያለሁ። እጅህ ይላላ ነው ያለው። ለዘጠኝ ወር ያህል አላስቀመጠልኝም።

ከዛ የማረፊያው ጣጣ መጣ። ድሮ የምናርፍበት ሜዳ ታጠረ፣ በወሩ የብሎኬት ግድግዳ ወጣበት፣ መጋዘን ሆነ። ሌላኛው ላይ የመብራት ሽቦ አለፈበት። ጋራው አለ፣ ንፋሱ አለ፣ የምናርፍበት ግን የለም። የቀረው የአንድ አዛውንት የሳር ሜዳ ነው። ኦቦ ነው የምንላቸው፤ እዛው ተወልደው እዛው ያረጁ፣ ቀጭን፣ ከላሞቻቸውና ከሳራቸው የሚኖሩ ሰው። ሳር ሳይታጨድ ሰው ቢረግጠው ሽምግልና ያስቀምጣል፣ እዛ ሀገር ሳር ማለት እህል ነው። እኛ የጠየቅነው ግን ከታጨደ በኋላ ነው፣ ክረምት ገብቶ ሳሩ እስኪነሳ ድረስ።

ኮች ሊያነጋግራቸው እኔን ይዞ ሄደ፣ እሱ አዲስ አበባ ተወልዶ አንድ የኦሮምኛ ቃል የለውም። እኔ ሰበታ ሰፈር ውስጥ እየተጫወትኩ ነው የለመድኩት፣ የተሰባበረ ነው ግን ያግባባል። ኦቦ አማርኛውንም ያውቁታል፤ እንደ ልባቸው ሁለቱን እያደባለቁ አዳመጡን። ከዛ ላማቸው ባለፈው ዓመት ይሄን ዣንጥላ አይታ ሸሽታ ገደል ልትገባ እንደነበር ነገሩን።

«ላሜን ምን እንዳስፈራት ሳላውቅ እሺ አልልም» አሉ። «ልቀመጥበትና ልየው።»

ኮች ተመለከተኝ። ስንመለስ መንገድ ላይ አንተ ታበራቸዋለህ አለኝ። ሰው ሲደነግጥ የሚሰማው በልጅነቱ የሰማውን ቋንቋ ነው፣ እኔ በአማርኛ ሩጡ ብላቸው እስኪያስቡት ገደል እንገባለን አለ ኮች። እጄ አስፈላጊ የሆነው በስፌት ነበር፣ አፌ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር አስፈለገ። ይሄን አልኩት። እጅህን ነው የማየው አለኝ።

ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። ኦቦ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቦት ጫማቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ዱላውን አልሰጥም አሉ። ላም እየነዳን አይደለም ኦቦ፣ ይሄ እኔ ነኝ የምነዳው አልኳቸው። ሰማይ ላይ ውሻ የለም ወይ ብለው ሳቁና ሰጡኝ። ሄልሜቱን ከቆባቸው በላይ ካልሆነ አሉ፣ እሱንም ተስማማን፣ ቆቡ ስስ ነው። ኮች የፊቱን መያዣ ፈታው፤ ከፊት የሚያርመኝ ሰው የለም ማለት ነው። ማሰሪያቸውን አንድ በአንድ አጠበቅኩ፣ ሁለቴ ነካሁት፣ ኮች ሦስተኛ ነካው። እኔ ፊጋ ስል ይሮጣሉ አልኳቸው፣ ሩጡ ማለት ነው። አይዘሉም፣ አይቀመጡም፣ እኔ በቃ እስክል አይቆሙም። «ቶሌ» አሉ፣ እሺ ነው።

ተማሪዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ተደርድረዋል። ባለቁልፉም አለ።

ንፋሱ መጣ። ክንፉን አነሳሁት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፊጋ አልኩ። እኚህ ሽማግሌ ሮጡ! እንዴት እንደሮጡ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት እርምጃ፤ ገመዱ ሲሸከመን፣ እግሬ ሲቀል ይታወቀኛል። ከስራችን በእግር መንገዱ ላይ ሳር የጫኑ አህዮች የሚነዳ ጎረቤታቸው ቀና አለና አያቸው።

«አካም ቡልተን!» አላቸው። እንዴት አደሩ ነው።

ኦቦ ቆሙ። ቀጥ አሉ። እጃቸውን አንስተው ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አንተስ እንዴት አደርክ ብለው መመለስ ጀመሩ። እኔ ከኋላ በሙሉ ፍጥነት ጀርባቸው ላይ ተላተምኩ፣ ክንፉ አልፎን ወደ ፊት ሄደና እላያችን ላይ ወደቀ። ተንከባለልን። ጉልበቴ ድንጋይ አገኘው። ጨርቁ ሸፍኖናል፣ ገመዱ አንገቴ ላይ ነው፣ ኦቦ ደግሞ ከጨርቁ ስር ሆነው ሰላምታቸውን አላቋረጡም። ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ ይላሉ። ከብቶቹስ? ሰውዬው ከታች ሆኖ ይመልሳል፣ ሁሉም ደህና ነው።

ከላይ ሳቅ ሰማሁ። «ታክሲ መስሏቸው ነው፣ ወራጅ አለ ብለው ነው» አለ ባለቁልፉ።

ከጨርቁ ስር ስወጣ ምን እንደነበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዘጠኝ ወር ጠብቄ! አንድ ሰላምታ! አይቁሙ ብዬ፣ ቶሌ ብለው! ጉልበቴ ይደማል፣ ሱሪዬ ተቀዷል፣ ስልኮቹ ተደርድረው ይቀርፁኛል። ለባለቁልፉ መልስ ነበረኝ፤ ዛሬም ሳስበው ጥሩ መልስ ነው፣ ግን አልፅፈውም። ለኦቦም አንድ ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ኮች አስር እርምጃ ላይ ቆሟል። ፊቴን አያይም። እጄን ነው የሚያየው። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ሁለቱም ተጨብጠዋል።

መጀመሪያ አውራ ጣቴን ፈታሁ። የሚያስቅ ነገር ነው፣ ግን ሰው እጁን እንደዛ ነው የሚፈታው፣ አንድ በአንድ። ከዛ ኦቦን ደግፌ አነሳሁና ምነው ቆሙ አልኳቸው፤ ድምፄ ዝቅ ብሎ ነው የወጣው፣ ራሴም ገረመኝ።

«ሰላምታ ጥዬ ሰማይ ልግባ?» አሉኝ። «ባልመለስስ ጉርባ፣ አንተ ልጅ? ከዚህ ሰው ጋ ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነኝ። የመጨረሻ ነገሬ ዝም ማለት ሊሆን ነው?»

ያልፈሩ መስሎኝ ነበር እኮ። በዱላው ሲቀልዱ፣ በቆባቸው ሲከራከሩ። ለካ እኚህ ሰው ላይመለሱ ይችላሉ ብለው አስበው፣ ከቤት ተሰናብተው ነው የመጡት። ካፖርቱም ለዛ ነው፣ የክት ካፖርት ነው። እኔ ደግሞ ከኋላቸው ሆኜ የማስበው የራሴን መቀመጫ ነው። ንዴቴ አልጠፋም፣ እንደዛ ብል ውሸት ነው። ግን የሚይዘው ነገር አጣ።

ከክንፉ ፈታኋቸውና ኑ ሰላም ብለን እንጨርስ አልኳቸው። ማሰሪያው እላያቸው ላይ እንዳለ፣ መንጠቆው እየተንቃጨለ፣ ይዣቸው ወደ መንገዱ ወረድኩ። ባለአህያውን በደንብ ሰላም አሉት፣ ትከሻ ለትከሻ። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ እነሱንም። ጥጃ የሚፈልግ ሰው ነበር፣ የጥጃውን መልክ ጠይቀው ነው የለቀቁት። እያንዳንዱ ሰላምታ የልጅ፣ የከብት፣ የጤና፣ የዝናብ ጥያቄ አለው። እኔም አብሬ ነጋ ነጋ እላለሁ። ከላይ አንዱ ንፋሱ ሊሞት ነው እኮ ብሎ ጮኸ። አልመለስኩለትም። በሕይወቴ ለአንድ ሰው መልስ ሳልሰጥ ስቀር ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ባለአህያውን ደግሞ እዚሁ መንገዱ ላይ ቁምልን አልኩት። ሰው ከመጣ ሰላምታውን አንተ ተቀበልላቸው፣ ኦቦ ሲመለሱ ታደርሳለህ። ሰውዬው ነገሩ ገባው፣ ኦቦም ገባቸው። ለሰው ውክልና የሰጡ ያህል ቀለል ብለው ወደ ላይ ወጡ።

ንፋሱ አልሞተም፣ ደከም ብሏል። ክንፉን ድጋሚ ዘረጋሁ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ለየሁ፣ አልቸኮልኩም። አነሳሁት። ቀና ብዬ አየሁት፣ ሙሉ ነው። ፊጋ አልኩ፣ ሮጡ፣ ሰባት እርምጃ ስምንት እርምጃ፤ እግራቸው አየር ላይ ሆኖ እንኳ ይሮጡ ነበር። በቃ ኦቦ፣ ሰማይ ነን አልኳቸው።

የሚሰማኝ ንፋስ ነው፣ የሚታየኝ ሄልሜትና ከስሩ የወጣ የቆብ ጠርዝ ነው። በቀኝ በኩል ሞቅ ያለ አየር ከስር መታንና ክንፉ ተወዛወዘ፣ ኦቦ ማሰሪያውን ጨመደዱት። እጄ ላላ ብሎ ነው የተከተለው፤ ሲያነሳኝ ለቀቅኩ፣ ሲለቀኝ ያዝኩ። ማንም አላረመኝም። ማንም እንደማያርመኝም እዛ ላይ ነው በደንብ የገባኝ፣ እና አልፈራሁም።

«ያቺ ሜዳ የኔ ናት?» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ።

የአንቱ ናት አልኳቸው። የሳሩ ክምር ሁለት የቡና ስኒ ይመስላል። ላሟም አለች፣ ቆማ ወደ ላይ ታያለች፣ አልሸሸችም። ኦቦ ግን ላሟን አይደለም የሚያዩት። ዙሪያውን ነው። ቆርቆሮው፣ ግድግዳው፣ መጋዘኑ፣ በየቦታው የተቆፈረው መሰረት፤ በሦስት በኩል ሜዳዋ ጠርዝ ድረስ መጥቷል።

«ይሄ ሁሉ መቼ ገባ?» አሉ። «በእግሬ ስሄድ አጥር ነው የማየው። አንድ አጥር፣ ከዛ ሌላ አጥር። እንዲህ ከቦኛል እንዴ?»

አዎ ኦቦ፣ ከቦዎታል አልኳቸው። ለማስደሰት ብዬም አልዋሸሁም። ትንሽ ቆይተው ለካ ለናንተም ቦታ የለም አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

ወደ ሜዳው ዞርኩ። የታጨደ ሳር ላይ ንፋሱን ፊት ለፊት አድርጌ ዝቅ አልኩ። ይነሱ፣ ይቁሙ፣ ትንሽ ይሩጡ አልኳቸው። ሁለቱን መያዣ ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ እስከ መጨረሻው። አራት እርምጃ ሄድን። ክንፉ ከኋላችን ተኛ፣ ምንም ነገር ላይ አልተያዘም። እንደዛ አድርጎ ያሳረፈኝ አብራሪ የለም፤ እኔው ነኝ ያደረግኩት፣ ስለዚህ እኔው እናገረዋለሁ።

ኦቦ እግራቸውን መሬቱ ላይ ረገጥ ረገጥ አደረጉት። ፈታኋቸው። ላሟ ጋ ሄደው አንገቷን አከኩ፣ ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ባለአህያውና ሌሎች ሦስት ሰዎች እየሮጡ መጡ፣ ከነሱ ኋላ ኮች፣ ያ ሁሉ ሰውነቱ ላብ በላብ ሆኖ።

ኦቦ ትንፋሹ እስኪመለስ አልጠበቁትም። ሳሩ እስኪነሳ ድረስ እረፉበት አሉት። ሌላ የምታርፉበት እንደሌለ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እዚህ ያረፈ ሰው ጨርቁን ከማጠፉ በፊት እቤቴ መጥቶ ሰላም ይበል፤ ሰማይ ላይ መጥቶ ሳይናገር የሚሄድ እንግዳ አልፈልግም። ኮች እሺ አለ፣ ሁለቴ አለ። ከዛ ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ልጅ ወድቆ ሲነሳ አልሰደበኝም» አሉ። «እኔ በሱ ዕድሜ ብሆን እሰድብ ነበር።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ኮች ጉልበቴን አየው፣ ሱሪዬን አየው፣ ከዛ እጄን አየው። ከኪሱ የበረራ ደብተሬን አወጣ፣ ለካ እሱ ጋ ነበር፣ ከላይ ይዞት ወርዷል። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፃፈ፣ ፈረመ፣ ሰጠኝ። በአማርኛ ነው የፃፈው።

«ለቅዳሜ ሁለት ሰው ተመዝግቧል» አለኝ። «አንዱን እኔ እወስዳለሁ። አንዷን አንተ ትወስዳለህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አስር ነገር እል ነበር። ዘጠኝ ወሩን አነሳበት ነበር፣ ፈተናውን፣ ባለቁልፉን፣ ሁሉንም። ደብተሩን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩና አብራሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኩት።

«ክብደቷ ስንት ነው?»